መቅጃው ነው ወይስ አቀዳዱ? የኪስ ድምፅ መቅጃ ችግርና መፍትሔ ለጎንደር ተጠቃሚ

አዲስ መቅጃ ለመግዛት ከመነሣትዎ በፊት የያዙት በምን እንዳስቸገረዎ ይለዩ። በአታ አቋቋም የሚማረው ደቀ መዝሙር፣ ማራኪ ግቢ ሌክቸር የሚቀዳው ተማሪ፣ ሽማግሌ የሚያናግረው ጥናት ሠሪና ጥምቀትና ሠርግ የሚቀዳው ባለካሜራ ቅሬታቸው አንድ ነው፤ «ዕቃው አይረባም» ይላሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የሴቲንጉ፣ የካርዱ ወይም የቦታው ነው። ዕቃ በመለወጥ ብቻ የሚድኑት ችግሮች ጥቂት ናቸው፤ እነሱንም በየቦታቸው እንጠቁማለን።

ድምፁ ሩቅ ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ የሚያወሩ ይመስላል

ይህ ዕቃ አያስለውጥም። ተናጋሪው ከማይኩ ሲርቅ ከአፉ የሚወጣው ድምፅ ይሳሳል፤ ከግድግዳ ተመትቶ የሚመለሰው ግን ብዙም አይቀንስም። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው ባዶ ወይም ሕንፃው ድንጋይ ከሆነ የተመለሰው ዋናውን ይውጠዋል። ርቀቱ በግማሽ በቀነሰ ቁጥር የተናጋሪው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ይጎላል፤ መቅጃውን ከ1 ሜትር ወደ 25 ሳንቲ ሜትር ማቅረብ 12 ዴሲቤል ያስገኛል። ውድ ዕቃ ገዝቶ ሩቅ ከማስቀመጥ ርካሹን ማቅረብ ይሻላል።

ለቃለ መጠይቅ ከአፍ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ትንፋሹ በቀጥታ እንዳይመታው ትንሽ ወደ ጎን አድርገው ያስቀምጡት። ባዶ ጠረጴዛ ላይ ግን አያሳርፉት። እንጨቱ የነካውን ሁሉ ለማይኩ ያቀብላል፤ ቡና ቀርቦ ከሆነ የሲኒው መንኳኳት ከሽማግሌው ድምፅ በላይ ይወጣል። ጋቢ ወይም ፎጣ አራት እጥፍ አድርገው ከሥሩ ያንጥፉ፤ ከረከቦቱም ያርቁት።

ኮሌታ ላይ የሚሰካ ማይክ ገዝተው ምንም ካልቀዳ ጃኩን ይዩት። ጥቁሮቹ ቀለበቶች ሦስት ከሆኑ የስልክ ማይክ ነው፤ የመቅጃና የካሜራ ማይክ ሁለት ቀለበት አለው። የስልኩን ለመጠቀም መቀየሪያ ጃክ ያስፈልጋል። ቀለበቱ ትክክል ሆኖም ዝም ካለ ሜኑ ውስጥ «ፕለግ ኢን ፓወር» የሚለውን ያብሩ፤ እንዲህ ያለ ትንሽ ማይክ ኃይል የሚያገኘው ከመቅጃው ነው። ሲሰኩትም በነጠላው ወይም በጋቢው ሥር አይሁን፤ ጨርቁ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይፋተገዋል።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚቀዳ ሰው ሌላ ጣጣ አለበት። የዝናብ ድምፅ የሰው ንግግር ያለበትን ቦታ ሁሉ ስለሚሸፍን በኮምፒውተር አይጠራም። ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚያጠብቅ ቀጠሮውን ጠዋት ያድርጉት፤ ካልሆነ የኮሌታ ማይኩን ከአገጭ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርገው ሰክተው ይሞክሩ።

ከበሮው ሲመታ ድምፁ ይሰነጠቃል፤ ወይም ከፍ ዝቅ ይላል

ጎንደር ላይ መቅጃ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። በዝማሜ (በዝግታው ክፍል) ለስለስ ብሎ የጀመረው ማኅሌት ጽፋት (ፈጣኑ ምት) ላይ ሲደርስ ከበሮው ይፈጥናል፣ ጭብጨባውና ጸናጽሉ ይጨመራል። መቅጃው ሌቭሉን (የሚቀዳበትን የድምፅ መጠን) በራሱ እንዲያስተካክል ከተተወ (አውቶ ሌቭል ወይም ኤጂሲ ይሉታል) ጸጥታው ላይ ድምፁን ይስበዋል፤ ከበሮው ሲመታ ደንግጦ ይቀንሰዋል፤ ቀጥሎ እንደገና ይስበዋል። ሲያዳምጡት ከእያንዳንዱ ምት በኋላ የመሪጌታው ድምፅ ጠፍቶ ይመለሳል። አንዴ እንዲህ ከተቀዳ አይስተካከልም።

መፍትሔው አውቶውን አጥፍቶ ሌቭሉን በእጅ መሙላት ነው። አሠራሩ፦ ደጋሞቹ ወይም ልምምድ ላይ ያሉት ጽፋቱን እንዲመቱ ይጠብቁ። ሌቭል የሚያሳየው መስመር በጣም ጮክ ባለው ምት ላይ 12 ዴሲቤል ከዜሮ በታች እንዲቆም ያድርጉ። ከዚያ አይንኩት። መጀመሪያው ለስላሳ ሆኖ ቢቀዳ አይጨነቁ፤ ያነሰ ድምፅ በኋላ ይነሣል፣ ዜሮን የነካ ግን ጫፉ ተቆርጦ ቀርቷል።

ሌቭሉ ዝቅ ብሎም ከተሰነጠቀ የተጨናነቀው ማይኩ ራሱ ነው። ለምሳሌ ዙም ኤች1ኤን የሚባለው መቅጃ የሚችለው እስከ 120 ዴሲቤል ነው፤ አጠገቡ የሚመታ ከበሮ ከዚያ ሊያልፍ ይችላል። ከ3 እስከ 4 ሜትር ይራቁ።

በዕቃ ምርጫ ብቻ የሚፈታ ችግር ካለ ይህ ነው። ሌክቸር ለመቅዳት የተሠሩ ቀጫጭን መቅጃዎች ብዙዎቹ «ዝቅተኛ» እና «ከፍተኛ» ከሚል ምርጫ በቀር ሌቭል በእጅ አያስተካክሉም። ዜማ ለሚቀዳ ሰው በእጅ የሚዞር ሌቭል ያላቸውን ዙም ኤች1ኤን ወይም በአዝራር የሚስተካከለውን ታስካም ዲአር-05ኤክስ የሚመስሉትን እንመርጣለን። ዙም ኤች1 ኢሴንሻል ደግሞ በ32 ቢት ፍሎት (ዝቅተኛውንም ከፍተኛውንም ድምፅ አብሮ በሚይዝ አቀዳድ) ስለሚቀዳ ሌቭል መሙላት አያስፈልገውም፤ በምትኩ የካርድ ቦታ ይበላል፤ በ48 ኪሎኸርዝ ስቴሪዮ አንድ ሰዓቱ 1.4 ጊጋባይት ገደማ ይፈጃል። ማይኩ ሲጨናነቅ ግን እሱም ከሌሎቹ አይለይም።

ለከተራና ለጥምቀት ከሞንታርቦ በቀጥታ የሚቀዱ ሰዎች የሚያጋጥማቸው ስንጥቅ ምክንያቱ ሌላ ነው። ከሚክሰር የሚወጣው ድምፅ ለማይክ መግቢያ እጅግ ይበዛበታል። የመቅጃው ሜኑ «ላይን ኢን» ካለው ወደዚያ ይቀይሩ፤ ከሌለው ድምፁን 40 ዴሲቤል የሚቀንስ ኬብል ያስፈልጋል። ሁለቱም ከሌሉ ሞንታርቦው ፊት ጥቂት ሜትር ርቆ በራሱ ማይክ መቅዳት ያዋጣል።

ዝዝዝ፣ ጥጥጥጥ፣ ሽሽሽ ይላል

ያልተቋረጠ ወፍራም «ዝዝዝ» የ50 ኸርዝ የመብራት ድምፅ ነው። መቅጃው ቻርጀር ላይ ተሰክቶ ከሚክሰር ጋር ሲገናኝ ይመጣል፤ ነቅለው በባትሪ ይቅዱ። በየመሐሉ የሚመጣ «ጥጥጥጥ» ስልክዎ ከኔትወርክ ጋር ሲነጋገር ነው፤ ዝም ማሰኘቱ አይጠቅመውም፣ ወይ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ያድርጉት ወይ ቢያንስ አንድ ሜትር ያርቁት። «ሽሽሽ» ካለ ተናጋሪው ርቆ ሌቭሉ ተስቦ ነው፤ ወደ መጀመሪያው ችግር ይመለሱ። ጎሃ ላይ ወይም ግንቡ ቅጥር ውስጥ ሲቀዱ «ቡፍ ቡፍ» የሚለው ንፋስ ነው። ስፖንጁ የሚመክተው ቀላሉን ብቻ ነው፤ ጠጉራሙ የማይክ ልብስ ይሻላል። ወፍራሙን ድምፅ የሚቆርጠውን «ሎ ከት»ንም ወደ 80 ወይም 100 ኸርዝ ያብሩ፤ ለከበሮ ሲቀዱ ግን ያጥፉት፣ ጉልበቱን ይሰርቀዋል።

የቃሉ መጀመሪያ ተቆርጧል

«ቪኦአር» የሚባለው፣ ድምፅ ሲሰማ ብቻ እንዲቀዳ የሚያደርገው ሴቲንግ በርቷል። ነቅቶ እስኪጀምር የቃሉ መነሻ ያመልጠዋል። አማርኛ ደግሞ አሉታውን ቃሉ መነሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ጉዳቱ ቀላል አይደለም። «አልተስማማሁም» ያለው ሰው «ተስማማሁም» ብሎ ይቀዳል፤ ጽሑፉን የሚገለብጠው ሰው ሲጠራጠር «ም»ዋን ሊተዋት ይችላል። ለቃለ መጠይቅ ሁልጊዜ ያጥፉት። ባትሪ ይቆጥባል የሚባለውም ይህን ያህል ኪሳራ የሚያስችል አይደለም።

«ሰ» እና «ፈ» አይለዩም

ብዙ ሰዓት እንዲይዝ ተብሎ ጥራቱ ዝቅ ተደርጓል። በ8 ኪሎኸርዝ የሚቀዳ ዕቃ ከ4 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን አይይዝም፤ የ«ሰ» ፉጨት አብዛኛው ያለው ግን ከዚያ በላይ ነው። ለቅኔ ትምህርት ይህ አይሆንም። ለንግግር ኤምፒ3 በ128 ኪሎቢት ይበቃል፤ አንድ ሰዓቱ 58 ሜጋባይት ገደማ ነው። ለዜማ ዌቭ (ያልታመቀ ፋይል)፣ 44.1 ኪሎኸርዝ፣ 16 ቢት ያድርጉት፤ ስቴሪዮ ሲሆን አንድ ሰዓቱ 635 ሜጋባይት ይፈጃል። 4 ጊጋባይት ያለው መቅጃ እንግዲህ በኤምፒ3 ወደ 60 ሰዓት ሲይዝ በዌቭ 6 ሰዓት አይሞላም።

ፋይሉ 0 ባይት ሆነ፤ ወይም አሮጌው አይከፈትም

ሁለት ነገር ነው። 0 ባይት የሚሆነው መቅጃው ፋይሉን ሳይዘጋ ባትሪው ሲያልቅ ወይም ካርዱ ሲነቀል ነው። ካርዱ ላይ ምንም አይቅዱ፣ ፎርማትም አያድርጉት። ካርዱን በኮምፒውተር ከፍተው እንደ ፎቶሬክ ባለ ነፃ ፕሮግራም ይፈልጉ፤ ያገኘውንም ሌላ ዲስክ ላይ ያስቀምጡ። ረጅም ማኅሌት የሚቀዳ ሰው በየሰዓቱ አቁሞ አዲስ ፋይል ቢጀምር ቢጠፋበት አንዱ ነው የሚጠፋው።

የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ደህና ሆነው ከዚያ በኋላ ያሉት ካልተከፈቱ፣ ወይም አዲስ ሲቀዱ አሮጌው ከተበላሸ ካርዱ ፌክ ነው። ላዩ 64 ይላል፣ ውስጡ 8 ነው። ከአራዳም ይግዙት ከሌላ ቦታ፣ ሥራ ላይ ከማዋልዎ በፊት ኤች2ቴስትደብልዩ በሚባለው ፕሮግራም ጢም አድርገው ሞልተው መልሰው ያስነብቡት። ጊዜ ይወስዳል፤ ማታ አስጀምረው ይተኙ። ካርዱን ሁልጊዜ ፎርማት ማድረግ ያለብዎ በመቅጃው ሜኑ ነው። ብዙ መቅጃ የሚቀበለው እስከ 32 ጊጋባይት ብቻ ስለሆነ ትልቁን ገዝቶ «አላነበበም» ከማለት መጀመሪያ ማኑዋሉን ማየት ነው።

ድንጋዩ ቶሎ ያልቃል

ከሱቅ የሚገዛው ርካሽ ድንጋይ ለግድግዳ ሰዓት ይሆናል፤ መቅጃ ግን ኃይል በአንዴ ስለሚስብ ይጥለዋል። አልካላይን የሚል ጽሑፍ ይፈልጉ። ቻርጅ የሚደረገው 1.2 ቮልት ስለሆነ መቅጃው 1.5 እየጠበቀ ሳያልቅ «አለቀ» ይላል፤ ሜኑ ውስጥ የባትሪውን ዓይነት ወደ «ኤንአይ ኤምኤች» ይቀይሩት። ለሳምንታት የማይጠቀሙበት ከሆነ ድንጋዩን ያውጡት። አልካላይኑ አፍስሶ መገናኛው ነጭ ከሆነ በጆሮ ጥጥ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ በጥቂቱ አስነክተው ያጽዱ፤ ከዚያ በፋርማሲ አልኮል ጠርገው ያድርቁ። አረቄ ውሃ ስላለው አይሆንም።

ኮምፒውተሩ አያየውም፤ ሰዓቱ አይገጥምም

ኬብሉ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ሊሆን ይችላል፤ የስልክዎን ዳታ ኬብል ይሞክሩ። ሰዓቱን ስልክዎ በሚያሳየው በፈረንጅ አቆጣጠር ይሙሉት፤ አንዳንዱን በሐበሻ ከሞሉ የ6 ሰዓት ልዩነት ኋላ ፋይሎቹን ያዘበራርቃል። መቅጃው ላይ የግዕዝ ፊደል ሳጥን ሳጥን ሆኖ ሊታይ ስለሚችል «ጥር 11 ጥምቀተ ባሕር» ብለው የሚሰይሙት ወደ ኮምፒውተር ካዛወሩ በኋላ ይሁን።

ሱቅ ሲገቡ

የራስዎን ካርድ፣ ሁለት አልካላይን ድንጋይና ጃክ ያለው ኤርፎን ይዘው ይሂዱ። ካርቶኑ ላይ ያለው «1536 ኪሎቢት» አያስደንቅዎ፤ የተለመደው 48 ኪሎኸርዝ ዌቭ ነው። ሱቁ ውስጥ ለ2 ደቂቃ ይቅዱ፤ ግማሹን በ1 ሜትር በተለመደ ድምፅ፣ ግማሹን በሹክሹክታ። በኤርፎን ሲያዳምጡ ከሹክሹክታው በላይ «ሽሽሽ» ከገነነ ማይኩ ደካማ ነው። «ሆልድ» ቁልፉ መሥራቱን ይዩ፤ ኪስ ውስጥ ተጭኖ የቆመ ቅጂ ብዙ ሰው አስለቅሷል። ሌቭል በእጅ ይሞላ እንደሆነ ሻጩን ከመጠየቅ ሜኑውን ራስዎ ይክፈቱ። በመጨረሻ ድንጋዩን አውጥተው እስከ አንድ መቶ ይቁጠሩና ይመልሱ። ቀኑ ወደ መጀመሪያው ከተመለሰ ድንጋይ በቀየሩ ቁጥር ቀንና ሰዓት እንደገና መሙላት ይጠብቅዎታል፤ ለሌክቸር ግድ የለውም፣ ለጥናት ግን ሌላውን ያሳየኝ ይበሉ።