ከኮምቦልቻ ተነስታችሁ በራስ መኪና ድንበር ስትሻገሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኮምቦልቻ ያደገ ሰው ጂቡቲን ሳያያት የሚያውቃት ይመስለዋል። ሠፈሩ የሹፌር ሠፈር ነው፤ ከሻይ ቤት እስከ ጎሚስታ ወሬው በመንገዱ ላይ ያለችው ሚሌና የጂቡቲ ድንበር ጋላፊ ነው። እኔም በዚህ ወሬ ተማምኜ ነበር የቤት መኪናዬን ይዤ በባቲ በኩል የወረድኩት። ለካ የጭነት መኪናውን ወረቀት ትራንዚተር (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ) ይጨርስለታል፤ ለቤት መኪና ግን የሚሟገትላት ባለቤቷ ብቻ ነው።

ትልቁ ስህተት ፓስፖርት አስመትቶ "አለፍኩ" ማለት ነው። ድንበር የሚሻገሩት ሁለት ናቸው፤ እናንተና መኪናዋ። እናንተን ኢሚግሬሽን ያስወጣል፣ እሷን ጉምሩክ። ማዶም እንዲሁ ነው፤ ስለዚህ አራት መስኮት አለ ብላችሁ ቁጠሩ። ሰው ብዙ ጊዜ የሚዘለው የራሳችንን ጉምሩክ ነው፤ "ስወጣ ማን ይጠይቀኛል" ይላል። ጣጣው የሚመጣው በመልስ ነው። መኪናዋ ለጊዜው ወጥታ የምትመለስ መሆኗን የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ፣ ገና ከውጭ እንደምትገባ መኪና ልትታይ ትችላለች፤ የመኪና ቀረጥ እኛ አገር ምን እንደሆነ ደግሞ መንገር አያስፈልግም። ማዶ የሚሰጣችሁም የጊዜያዊ መግቢያ ወረቀት የሚያበቃበት ቀን አለው። ከቀኑ በፊት ውጡ፤ ስትወጡም መኪናዋ መውጣቷን አስመዝግቡና አዘጉት። ሳይዘጋ የቀረ ወረቀት መኪናዋን እዚያው ሸጣችሁ የመጣችሁ ያስመስላል።

ሁለተኛው የቢጫ ካርድ ነገር ነው። "ቢጫ ካርድ ይዘሃል?" ሲሉኝ ደረቴን ነፍቼ የክትባት ደብተሬን አወጣሁ። የተጠየቅሁት ሌላ ነበር። ቢጫ ካርድ የሚባሉት ሁለት ናቸው። አንዱ የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ ነው፤ ከተወጋችሁ ከ10 ቀን በኋላ መሥራት ይጀምራል፣ ከዚያ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ዋዜማው ላይ የሚከተብ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ሌላው የኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ) ቢጫ ካርድ ነው፤ አገር ውስጥ ያላችሁን የሦስተኛ ወገን መድን ጂቡቲና ኬንያን በመሳሰሉ አባል አገሮች እንዲሠራ የሚያደርግ ነው፣ የሚሰጣችሁም መድን ድርጅታችሁ ነው። የምትሄዱበት አገር ስም ካርዱ ላይ መኖሩን እዚያው ቆማችሁ አንብቡ። የእናንተን መኪና ጉዳት ግን አይከፍልም፤ የሰውን ነው።

ሊብሬን በሚመለከት፣ ሞተር ያስቀየረ ሰው ቁጥሩን ሳያስተካክል አይውጣ። ቀለም የቀየረም እንዲሁ። ሻንሲና ሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይመሳከራል። መኪናዋ በብድር ተገዝታ ሊብሬው ባንክ ከተያዘ፣ በኮፒ እሻገራለሁ ብላችሁ እስከ ጋላፊ ነዳጅ አትፍጁ፤ መጀመሪያ ከባንኩ ጋር ጨርሱ። በወንድም ወይም በባለቤት ስም ከሆነች ውክልናው ከአገር ይዞ መውጣትን በግልጽ ይጥቀስ፤ ለጂቡቲ ወደ ፈረንሳይኛ ይተርጎም። አንድ አዛውንት ሹፌር ከመነሳቴ በፊት "አብሽር፣ ምንም አትሆንም፤ ሊብሬህን ብቻ ከእጅህ እንዳታወጣ" ብለውኝ ነበር። ድንበር ላይ "አምጣው ላስጨርስልህ" የሚል ጎረምሳ ሲመጣ ነው የገባኝ።

ቀንና ሰዓት ከሁሉም ያስቃል። መንጃ ፈቃዳችሁ ላይ "እስከ 2018" ተብሎ በእኛ አቆጣጠር ብቻ ከተጻፈ፣ ማዶ ያለው ሰው ዓመታት ያለፈበት ነው የሚመስለው። በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፈበት የተረጋገጠ ትርጉም ያዙ። የሰዓቱን ነገር በራሴ አየሁት። ጂቡቲ የሚኖር ዘመዴ "12 ሰዓት ላይ ድንበሩ ጋ እጠብቅሃለሁ" አለኝ፤ ቀስ ብዬ ለምሽት ደረስኩ። እሱ ለካ ዓመታት ኖሮበት የፈረንጅ ሰዓት ለምዷል፤ በዚያ ሙቀት ከቀትር ጀምሮ ቆሞ አገኘሁት። ሰላምታውን አልጽፈውም።

መኪናዋም ልብሷን ትቀይራለች። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ሚሌ 500 ሜትር ገደማ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎ ቁልቁለት በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው ኮምቦልቻ ሲደርስ ፍሬኑ ይሸታል፤ በከባድ ማርሽ ውረዱ። የጎማ አየር ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ይለካ። ቆላ ከገቡ በኋላ "ጎማው ጠነከረ" ብሎ ማስተንፈስ የተለመደ ጥፋት ነው፤ አየር ያነሰው ጎማ ይብስ ይግልና ይፈነዳል። ስኮርታውንም እዩት። ሰኞ ከሆነ ደግሞ ባቲ ገበያ ነው፣ ከግመል ጋር ተጋፉ።

ብር ይዞ ለመውጣት ገደብ አለ፤ ከገደቡ በላይ ይዞ መሄድ ያስወርሳል። በጀሪካን ነዳጅ መጫን ኮንትሮባንድ ያስመስላል። የጂቡቲ ፍራንክ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ1 ዶላር 177.721 ላይ የታሰረ ስለሆነ፣ "ዛሬ ወርዷል" የሚል መንዛሪ ሲያጋጥማችሁ እለፉት።

ወደ ኬንያ በሞያሌ ለሚሄዱ ወረቀቱ ይቀላል፤ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የጋራ የድንበር ጣቢያ የሁለቱን አገር ሥራ በአንድ ግቢ ይጨርሳል። ስህተቱ ያለው ከበሩ ማዶ ነው፤ ኬንያ የሚነዳው በግራ ነው። የእኛ መሪ በግራ ስለሆነ ከፊት ያለውን የጭነት መኪና ለመቅደም ስትሞክሩ የሚመጣውን የሚያየው ጋቢና አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ነው፤ የሚያንቀላፋ ሰው እዚያ አታስቀምጡ።