የቤት ቸኮሌት ፍሮዝን ዮገርት ሲበላሽ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ስኳሩን ቀንሰን፣ ክሬሙን ትተን በእርጎ የምንሠራው አይስክሬም፣ የቸኮሌት ፍሮዝን ዮገርት፣ ገና ሲበጠበጥ ያስጎመጃል። ጉዱ የሚወጣው ፍሪዘር ውስጥ ካደረ በኋላ ነው። ወይ ማንኪያ እምቢ ይላል፣ ወይ ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል።

የአብዛኛው ችግር ሥር አንድ ነው። ስኳርና ቅባት ለጣዕም ብቻ የገቡ ይመስሉናል። ስኳር ግን ውሃው ሙሉ በሙሉ እንዳይረጋ ይከላከላል፤ ቅባት ደግሞ ምላስ ላይ ልስላሴ ይሰጣል። ሁለቱን አውጥተን ሥራቸውን የሚሠራ ነገር ካልተካን የሚቀረን ውሃ ነው። ተራ እርጎ ደግሞ ከ100 ግራሙ ከ85 በላይ የሚሆነው ውሃ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ልክ እንነሳ፦ 1 ኪሎ ጣዕም ያልተጨመረበት፣ ቅባቱ ያልወጣለት እርጎ ተጠልሎ ወደ ግማሽ ኪሎ ሲደርስ፣ 40 ግራም የካካዎ ዱቄት፣ 100 ግራም ስኳር፣ ግማሽ ብርጭቆ ወተት፣ ቁንጥጫ ጨው፣ ትንሽ ቫኒላ። ለስድስት ሰው ይበቃል። ለአንድ ሰው የሚደርሰው የተጨመረ ስኳር 17 ግራም ገደማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ50 ግራም እንዳያልፍ፣ ቢቻል ከ25 በታች እንዲሆን ይመክራል። ስለዚህ ይሄ ጤናማ የሚባለውም ቢሆን በየቀኑ የሚበላ አይደለም።

ድንጋይ ሆነ፣ ማንኪያ አይገባውም

መጀመሪያ አትደንግጡ። የቤት ፍሪዘር ብዙ ጊዜ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ነው። ለማስቀመጥ ጥሩ ነው፣ ለመብላት ግን በጣም ይቀዘቅዛል። ከመብላታችሁ በፊት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ አቆዩት። ጠረጴዛ ላይ ከተዋችሁት ዳር ዳሩ ይቀልጣል፣ መሃሉ እንደ ድንጋይ ይቀራል።

ከዚያ በኋላም ካልለሰለሰ ስኳሩን ከልክ በላይ ቀንሳችኋል ማለት ነው። ስኳሩን ስቴቪያ በሚባለው ከቅጠል የሚወጣ ማጣፈጫ የተኩትም እዚሁ ነው የሚወድቁት። ስቴቪያ ያጣፍጣል እንጂ የምትጨምሩት በጣም ትንሽ ስለሆነ ውሃውን ከመርጋት አያግደውም። ስቴቪያ የግድ ካላችሁ ስኳሩን በሙሉ አታውጡ፤ ግማሹን ብቻ ተኩ።

እኔ የምመርጠው ሌላ መንገድ ነው። ከስኳሩ ግማሹን በማር ቀይሩት። የማር ግሉኮስና ፍሩክቶስ ከተራው ስኳር ያነሱ ሞለኪውሎች ስለሆኑ በተመሳሳይ ክብደት የበለጠ ያለሰልሳሉ። ማር ጤናማ ነው ተብሎ ግን ያለ ልክ አይጨለጥም። የዓለም ጤና ድርጅት ከስኳሩ ጋር አንድ ላይ ነው የሚቆጥረው። ዕድሜው ከ1 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ደግሞ ማር ፈጽሞ አይሰጥም።

ልጣጩ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣ የበሰለ ሙዝ ሁለት ብትጨምሩም ትልቅ ለውጥ ታያላችሁ። ጣፋጭም ወፍራምም ያደርገዋል። ሙዝ ሙዝ ማለቱን የማይወድ ሰው ቴምር በሙቅ ውሃ ዘፍዝፎ፣ ፍሬውን አውጥቶ፣ በብሌንደር ፈጭቶ ይጨምር። ቴምርና ካካዎ ይስማማሉ። አንዳንድ የፈረንጅ አዘገጃጀት ቮድካ ጠብ አድርጉበት ይላል። ይሠራል፤ አልኮል በቀላሉ አይረጋም። ልጆች ባሉበት ቤት ግን ይቅር።

ቅባት የሌለው እርጎ ገዝታችሁ ከሆነም ምክንያቱ በከፊል እሱ ነው። ግማሽ የበሰለ አቮካዶ ፈጭታችሁ ጨምሩበት። አረንጓዴው በካካዎው ይሸፈናል፣ ጣዕሙም ብዙ አይታወቅም። በነገራችን ላይ ጾም ሲገባ እርጎውን ትታችሁ በአቮካዶ፣ በሙዝና በኮኮናት ወተት ብትሠሩት ያው ሕግ ይሠራል።

ይንኮሻኮሻል፣ በረዶ በረዶ ይላል

ይሄ የውሃ ብዛትና የአቀዛቀዝ ቀርፋፋነት ነው። ውሃ ቀስ ብሎ ሲረጋ ትልልቅ በረዶ ይሠራል፣ ቶሎ ሲረጋ ደቃቅ። ምላስ ደቃቁን እንደ ክሬም ነው የሚቆጥረው።

እርጎውን ማጥለል አትዝለሉ። ንጹህ ስስ ነጭ ጨርቅ ወንፊት ላይ ዘርጉ፣ እርጎውን ገልብጡበት፣ ከሥሩ ጎድጓዳ ሳህን አድርጉና ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት ከሥር የሚገኘው አጓት አይደፋም፤ ዳቦ ሲቦካ በውሃ ፋንታ ይገባል። ላይ የቀረው እርጎ ማንኪያ ላይ ሳይፈስ መቆም አለበት።

ከዚያ የተበጠበጠውን ለብ እንዳለ ፍሪዘር አታስገቡ። አስቀድማችሁ ፍሪጅ ውስጥ በደንብ አብርዱት። የአይስክሬም ማሽን ካላችሁ ሳህኑ 24 ሰዓት ሙሉ ፍሪዘር ውስጥ መቆየት አለበት። ስታወዛውዙት ግድግዳው ውስጥ የታሸገው ፈሳሽ ሲንቦጫቦጭ ከሰማችሁ ገና ነው። ማሽን የሌለን ሰዎች ሰፊና ዝርግ የብረት ትሪ እንጠቀማለን፤ ብረት ቶሎ ይቀዘቅዛል። በየ30 ደቂቃው አውጥታችሁ ዳር ዳር የረጋውን በሹካ ወደ መሃል እየፈቀፈቃችሁ በደንብ ምቱት፤ ሦስት ሰዓት ያህል። ያሰለቻል፣ አልክድም። ግን አንዴ ከረሳችሁት በኋላ የሚያስተካክለው ብሌንደር ብቻ ነው፦ ቆራርጣችሁ ፈጩትና መልሳችሁ አስገቡት።

ሁለት የሾርባ ማንኪያ የዱቄት ወተትም ይረዳል፤ የተረፈውን ውሃ ይይዛል።

አሸዋ አሸዋ ይላል

ከበረዶው ጋር እንዳታምታቱት። ትንሽ ምላሳችሁ ላይ አቆዩት። ወዲያው ከሟሟ በረዶ ነው፣ ወደ ላይኛው ክፍል ተመለሱ። ሳይሟሟ ከቆየ ወይ ካካዎው አልበሰለም፣ ወይ ስኳሩ አልሟሟም፣ ወይ የዱቄት ወተቱን አብዝታችሁ የወተቱ ስኳር ራሱ ረግቷል። ኤሪትሪቶል የሚባለውን ማጣፈጫ የተጠቀማችሁ ከሆነ ደግሞ ጥፋተኛው እሱ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ፍሬ ይሠራል።

ካካዎ ቀዝቃዛ እርጎ ላይ ከተነሰነሰ ጓል ጓል ይሆናል። በሻይ ወንፊት ንፉት፣ ከስኳሩና ከወተቱ ጋር ትንሽ ድስት ውስጥ አድርጉ፣ ለስላሳ እሳት ላይ እያማሰላችሁ እንደ ሶስ እስኪወፍር አብስሉት። ጣዕሙም የሚወጣው ሙቀት ሲያገኝ ነው።

እርጎው ተበጣጠሰ

የፈላውን ካካዎ ገልብጣችሁበታል። ሶሱ እጅ የማያቃጥል እስኪሆን ድረስ ይቀዝቅዝ። እርጎ የመረጣችሁት ለጥሩዎቹ ባክቴሪያዎችም ከሆነ ይሄ ወሳኝ ነው። ብርድ አብዛኞቹን ያስተኛቸዋል፣ ከፍተኛ ሙቀት ግን ይገድላቸዋል።

የቸኮሌት ቁርጥራጭ በየቦታው ተበተነ

ከካካዎ ዱቄት ሌላ የቀለጠ ቸኮሌት የምትጨምሩ ከሆነ፣ ከፍሪጅ የወጣ እርጎ ሲነካ በውስጡ ያለው ቅባት፣ የካካዎ ቅቤው፣ እዚያው ይደርቃል። ቸኮሌቱ ለብ እንዳለ አንድ ሁለት ማንኪያ እርጎ ጨምራችሁ አዋህዱ፣ ከዚያ ሌላ ሁለት፣ እንዲያ እያላችሁ ቀጥሉ። ወይም ተዉት፤ ቁርጥራጩን የሚወድ ሞልቷል።

መረረ፣ ጎመዘዘ፣ ጣፋጩ ጠፋ

ብርድ ጣፋጭነትን ይደብቃል። ፍሪዘር ከመግባቱ በፊት ስትቀምሱት በትንሹ የበዛ ከመሰላችሁ ልክ ነው። መራራው ከበዛ ስኳር ከመጨመራችሁ በፊት ጨው ሞክሩ፣ ቁንጥጫ ብቻ። ጎምዛዛው ከእርጎው ነው፤ ብዙ ቀን የቆየ እርጎ ለዚህ አይሆንም።

በወይራ በታጠነ ዕቃ የረጋ እርጎ ጭሱን ይዞ ይመጣል። እኔ ከካካዎ ጋር እወደዋለሁ፤ ልጆች ግን ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። እርጎውን ቤት የምታረጉ ከሆነ ወተቱ የፈላ ይሁን። ፍሪዘር የጥሬ ወተት ጀርም አይገድልም።

ሽንኩርት ሸተተ

ቅባት ሽታ ይስባል። ክዳን ባለው ዕቃ አድርጉ፣ ከክዳኑ ሥር ፕላስቲክ ፊቱን እስኪነካ ድረስ ለጥፉበት። ፊቱ ላይ የሚጋገረውን በረዶም ይቀንሳል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ጨርሱት።

መብራት ጠፍቶ ቀለጠ

የፍሪዘሩን በር አትክፈቱ። የሞላ ፍሪዘር ተዘግቶ ከቆየ ብርዱን 48 ሰዓት ያህል ይይዛል፣ ግማሹ ባዶ ከሆነ 24። ቀልጦ ግን እንደ ፍሪጅ ዕቃ ቀዝቃዛ ከሆነ መልሳችሁ አታርጉት። ድጋሚ ሲረጋ ይንኮሻኮሻል። በሙዝ ፈጭታችሁ ያኔውኑ ጠጡት። ሙቀት ገብቶት ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ ድፉት።