አልሚ መጠጥ እየተሰጠ ክብደት የማይጨምረው ለምንድን ነው? ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በምግብ እጥረት ለተጎዳ ሕመምተኛ ወይም አቅም ላነሰው አረጋዊ የሚታዘዝ አልሚ መጠጥ የሚጠቅመው ሆድ ሲገባ ነው። በካርዱ ላይ «ተሰጥቷል» ተብሎ የተፈረመበት ጠርሙስ ግን ብዙ ጊዜ ግማሹ ሳይጠጣ ኮመዲኖ ላይ ሞቆ ይገኛል። መጀመሪያ መታረም ያለበት ይህ ነው፤ 200 ሚሊ ሊትር ቀርቦ 80 ከተጠጣ የሚጻፈው 80 ነው።

ዱቄቱን ማቅጠን

በጣሳ የሚሸጠው ዱቄት ውድ ነው። አስታማሚዎች እንዲበረክትላቸው ብለው 6 መስፈሪያ የሚለውን 3 ያደርጉታል። ጭንቀታቸው ይገባናል። ብርጭቆው ግን ሙሉ ነው፣ ቀለሙም ነጭ ነው፣ ሆድም ይነፋል፤ የሚገኘው ጉልበትና ፕሮቲን ብቻ በግማሽ ይቀንሳል። አቅም ካጠረ የብርጭቆውን ቁጥር ቀንሶ እያንዳንዱን በሙሉ መጠን መበጥበጥ ይሻላል። የጎደለውን በወተት የተሠራ፣ ቅቤ ወይም ዘይት የገባበት አጥሚት ይሙላው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ኪሎ ካሎሪ ገደማ አለው።

ሲበጠበጥ መጀመሪያ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ጣሳው ላይ በተጻፈው ልክ ይገባል። ዱቄቱ ከዚያ በኋላ፣ ጣሳው ውስጥ ባለው መስፈሪያ፣ አናቱ በቢላ ጀርባ እየተስተካከለ ይጨመራል። የሻይ ማንኪያ መለኪያ አይሆንም። በፈላ ውኃ ሲበጠበጥ ይጓጉላል፤ ሙቀት የማይችሉ ቫይታሚኖችም ይጎዳሉ።

በምግብ ሰዓት መስጠት

ምሳ ሊቀርብ ሲል አንድ ጠርሙስ የጠጣ ሰው ሁለት ጉርሻ ቀምሶ ይበቃኛል ይላል። መጠጡ በምግብ ላይ የሚጨመር እንጂ ምግቡን የሚተካ አይደለም። ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ ከቀኑ 10 ሰዓትና ከመኝታ በፊት ጥሩ ሰዓቶች ናቸው። ቶሎ የሚጠግቡትን 200 ሚሊ ሊትር በአንዴ ጠጡ ማለት ማቅለሽለሽና ተቅማጥ ያመጣል፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቀስ እያሉ ይጠጡት። ለእነዚህ ሰዎች በሚሊ ሊትር 2 ኪሎ ካሎሪ ያለውን ወፍራም ዓይነት 60 ሚሊ ሊትር በቀን 4 ጊዜ ከመድኃኒት ዙር ጋር መስጠትም ይቻላል፤ 480 ኪሎ ካሎሪ ይሆናል። ሌቮዶፓ (የፓርኪንሰን መድኃኒት)፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን (አንቲባዮቲክ) ወይም ሌቮታይሮክሲን (የታይሮይድ መድኃኒት) ለሚወስዱ ግን አብሮ መስጠት የመድኃኒቱን ሥራ ስለሚያውክ ሰዓቱ ይለያይ።

አንድ ጠርሙስ ይበቃል ብሎ ማሰብ

የአውሮፓ ክሊኒካል ኒውትሪሽን ማኅበር ለአረጋውያን ያወጣው መመሪያ ከመጠጡ ብቻ በቀን ቢያንስ 400 ኪሎ ካሎሪና 30 ግራም ፕሮቲን፣ ቢያንስ ለ1 ወር ይላል። በሚሊ ሊትር 1.5 ኪሎ ካሎሪ ያለው የ200 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 300 ብቻ ይሰጣል። ፕሮቲኑንም ከጠርሙሱ ላይ ያንብቡ፤ 12 ግራም ከሆነ ሁለት ጠርሙስ ተጠጥቶም 30 አይሞላም።

ብዙ ቀን ላልበላ ሰው በአንዴ ማብዛት

በጣም የሚያሳስበን ይህ ነው፤ ይገድላል። ከ10 ቀን በላይ እህል ያልቀመሰ ወይም የቀመሰው እዚህ ግባ የማይባል፣ ቢኤምአዩ (ክብደቱ ከቁመቱ አንጻር ሲሰላ የሚገኘው ቁጥር) ከ16 በታች የወረደ፣ ወይም ባለፉት 3 እስከ 6 ወራት ከክብደቱ ከ15 በመቶ በላይ ያጣ ሰው ድንገት ብዙ ሲመገብ ኢንሱሊኑ ይጨምራል፤ በደም ውስጥ ያለው ፎስፌት፣ ፖታስየምና ማግኒዥየም ወደ ሴሎች ይገባና ደሙ ውስጥ ይመናመናል። ልብ ምቱን ይስታል፣ ትንፋሽ ይደክማል። ዘመድ በፍቅር ተነሣሥቶ በአንድ ቀን 4 ጠርሙስ የሚያጠጣው ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለውን ሰው ነው። አጀማመሩ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት በቀን ቢበዛ 10 ኪሎ ካሎሪ ነው፤ 40 ኪሎ ለሚመዝን በቀን 400፣ ምግቡም መጠጡም ተደምሮ። ከዚያ ከ4 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ እየተጨመረ ይሄዳል። ከመጀመሩ በፊት ታያሚን (ቫይታሚን ቢ1) ይሰጣል፣ ደሙም ይመረመራል።

መዋጥ ለሚቸግረው ቀጭኑን መስጠት

ስትሮክ ያገኘው ወይም የመርሳት ሕመም ያለበት ሰው ሲጠጣ የሚስል ከሆነ፣ ወይም ድምፁ እርጥብ እርጥብ የሚል ከሆነ፣ ያቁሙና አዋዋጡ ይመርመር። ፈሳሹ ወደ ሳንባ ገብቶ የሳንባ ምች ያመጣል። በማወፈሪያ ዱቄት እንዲወፍር ከታዘዘ በወተት ላይ ከውኃ ይልቅ ዘግይቶ እንደሚወፍር ይወቁ፤ ቀጠነ ብለው ሌላ ከመጨመርዎ በፊት ማሸጊያው የሚለውን ደቂቃ ይጠብቁ። ቀጥ ብለው ተቀምጠው ይጠጡ፣ ከጠጡም በኋላ ግማሽ ሰዓት አይጋደሙ።

ለምን እንደማይጠጡ አለመጠየቅ

«እምቢ አሉ» ተብሎ የሚመዘገበው ነገር ብዙ ጊዜ ቀላል ምክንያት አለው። ቁርጥማት ያለባቸው ጣቶች ክዳኑን መክፈት ያቅታቸዋል። ቫኒላው ሰልችቷል። ቀዝቀዝ ቢል ይጠጡት ነበር። በእኛ አገር ደግሞ ጾም አለ፤ አብዛኛው አልሚ መጠጥ የወተት ፕሮቲን ስላለው በዐቢይ ጾም ጠርሙሱ ሳይነካ ይመለሳል። ጾሙ ሳይገባ ይጠይቁ፤ ከአኩሪ አተር የተሠራ ካለ ይፈልጉ፣ የንስሐ አባታቸውንም ያነጋግሩ።

የተከፈተ ጠርሙስ ከፍሪጅ ውጭ 4 ሰዓት ከቆየ ይደፋ።

ስኳር አለባቸው ብሎ መከልከልም ስህተት ነው፤ ስኳራቸው እየተለካ መድኃኒቱ ይስተካከላል።

ሳይመዝኑ መቀጠል፣ ሲወጡም ማቋረጥ

በሆስፒታል በየሳምንቱ፣ በመጦሪያ ቢያንስ በየወሩ፣ በአንድ ሚዛን፣ ጠዋት፣ ከሽንት በኋላ ይመዘኑ። እግር ካበጠ የጨመረው ኪሎ ውኃ ሊሆን ይችላል። ከሆስፒታል ሲወጡ ወረቀቱ ላይ የመጠጡ ዓይነት፣ የቀኑ መጠን፣ እስከ መቼ እንደሚወሰድና ማን እንደሚመዝናቸው ይጻፍ።