ብቅል በኮንዶሚኒየም

ጠላ ያለ ጌሾና ብቅል እንደማይጠመቅ ሁሉም ያውቃል። ብቅሉ ምን እንደሚሠራ ስትጠይቁ ግን «ያፈላዋላ!» ተብሎ ይታለፋል። ነገሩ እንዲህ ነው። እርሾ ስኳር እንጂ ስታርች አይበላም፤ ገብስ ደግሞ አብዛኛው ስታርች ነው። አሻሮውም ያው። ስታርቹን ወደ ስኳር የሚቆራርጠው አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም ሲሆን፣ ዘሩ በደንብ የሚያመርተው ለመብቀል ሲነሳ ነው። በ1833 ፓየንና ፐርሶ የተባሉ ፈረንሳውያን ኬሚስቶች ይህንን ነገር ያወጡት ከብቅል ነው።

መጀመሪያ ገብሱ። የተፈተገ አይሆንም፣ ሽሉ ተጎድቷል። ነቀዝ የጎበኘውም ይቅርባችሁ። ትናንት ከአውድማ የገባም ሊያስቸግር ይችላል፤ አዲስ ዘር ለተወሰነ ጊዜ ይተኛል። ከተጠራጠራችሁ 100 ፍሬ ቆጥራችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉ። በ3 ቀን ውስጥ 90 ያህሉ ካልበቀለ እኔ ሌላ ገብስ ነው የምገዛው።

ለቅማችሁ፣ አጥባችሁ አንድ ቀን ዘፍዝፉት። ውሃውን ጠዋት ማታ ቀይሩ፣ ምክንያቱም ዘር ይተነፍሳል። ከዚያ አጥልሉና በኮባ ወይም በጉሎ ቅጠል ሸፍኑት። አራተኛ ፎቅ ላይ ኮባ ከየት ይመጣል? እርጥብ ጆንያ ይበቃል። ፌስታል ግን በፍጹም! እኔ መጀመሪያ ጊዜ ፌስታል ውስጥ ጥብቅ አድርጌ ቋጥሬ አስቀመጥኩት፣ በሁለተኛው ቀን ስፈታው የኮመጠጠ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፣ የበቀለው እፍኝ አይሞላም። አየር አጥቶ ታፍኗል።

በማግስቱ እጃችሁን ክምሩ ውስጥ ክተቱ። ይሞቃል። እሳት የለ፣ ምን የለ፤ ዘሩ የራሱን ስንቅ እያቃጠለ ነው። ሙቀቱ ሲበዛ ይሻግታል፣ ስለዚህ በቀን አንድ ሁለቴ ገልብጡት፣ ከደረቀ ውሃ እርጭ አድርጉ። መጀመሪያ የሚወጣው ነጭ ሥሩ ነው። እንደ ፀጉር እርስ በርሱ ይያያዛል፣ ቀስ አድርጋችሁ ፈልቅቁት። ቡቃያው በገለባው ሥር ሽቅብ ሄዶ የፍሬውን ቁመት ሲያክል፣ ማለትም በ3 ወይም በ4 ቀን፣ በቃ። «ትንሽ ይጨምር» ብላችሁ አረንጓዴ ካስወጣችሁት ለጠላው የታሰበውን ስኳር ራሱ እየበላው ነው።

ከዚያ ሰሌን ላይ ስስ አድርጋችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት። ቸኩላችሁ እርጥቡን በጋለ ምጣድ እንዳታምሱት፤ ኢንዛይሙ ሙቀት አይችልም፣ የለፋችሁበት ብቅል ቆሎ ይሆናል።

ወፍጮ ቤት ከመውሰዳችሁ በፊት አንድ ጥሬ ገብስ አኝኩ፣ ቀጥሎ ከደረቀው ብቅል አንድ ፍሬ። ጥሬው ዱቄት ዱቄት ይላል። ብቅሉ ጥርስ ሥር ፍርክስ ብሎ ከጣፈጠ ውሰዱት።