ከልጆች ጋር የሚሠሩ ቀላል የአትክልት ምግቦች ለወሎ ማድ ቤት

አትክልት ሲቀርብለት ፊቱን የሚያዞር ልጅ፣ ራሱ እጁን ያስገባበት ምግብ ሲሆን ግን ብዙ ጊዜ ቢያንስ አንድ ጉርሻ ለመቅመስ አያቅማማም። ይህ የሚሆነው የተሰጠው ሥራ እውነተኛ ሥራ ሲሆን ነው። ዝም እንዲል ብቻ የተበላሸ ካሮትና የሻይ ማንኪያ ይዞ ጥግ የተቀመጠ ልጅ መታለሉን ለማወቅ ጊዜ አይወስድበትም። ስለዚህ ከዚህ በታች የተመረጡት ምግቦች የልጁ ድርሻ ካልተሠራ ድስቱ የማይጣድባቸው ናቸው፤ ዕቃቸውም በደሴ፣ በኮምቦልቻ ወይም በወልድያ፣ እንዲሁም በባቲ የሰኞ ገበያ ብዙ ሳይንከራተቱ የሚሸመት ነው።

በወሎ አትክልት ሌላም ጥቅም አለው። በአንድ ግቢ፣ እንዲያውም በአንድ ቤተ ዘመድ ክርስቲያንም ሙስሊምም ባለበት አገር፣ የሥጋው ማዕድ በእርዱ ምክንያት ሲለያይ በዘይት የተሠራ አትክልት ግን ረቡዕና ዓርብን ለሚጾመውም፣ ከጎረቤት ለመጣው የሙስሊም ልጅም እኩል ይቀርባል። የሠፈር ልጆችን ሰብስቦ ለማሠራት የሚያስብ ወላጅ ከዚህ ቢጀምር ማንም የማይቀርበት ማዕድ ያገኛል።

ከሁሉ አስቀድሞ ሥራው ይከፈል። ከ3 እስከ 5 ዓመት ያሉ ልጆች ማጠብ፣ መቀንጠስ፣ በእጅ መስበርና እንጀራ መቁረስ ይችላሉ፤ ከ6 ዓመት ጀምሮ ያሉት ደግሞ መውቀጥና የተቀቀለ መላጥ አያቅታቸውም። ስለታም ቢላዋ ከ9 ዓመት በታች ላለ ልጅ ባይሰጥ ይመረጣል፤ ከዚያ በላይም ቢሆን አዋቂ አጠገቡ ተቀምጦ፣ የሚይዘውን እጅ ጣቶች ወደ ውስጥ አጥፎ እንዲከትፍ እያሳየው መሆን አለበት። የፈላ ውኃና የጋለ ዘይት ግን ምንጊዜም የአዋቂ ነው። የከሰል ምድጃ ወለል ላይ በሚቀመጥበት ቤት አደጋው በልጁ ቁመት ልክ ስለሆነ፣ ልጆቹ የሚቀመጡበት ሰሌን ከምድጃው ራቅ ብሎ ይነጠፍ፤ የከሰል ጭስ ባይታይም መርዝ ነውና በርና መስኮቱም ይከፈት። «ወንድ ልጅ ማድ ቤት ምን አገባው» የሚሉ አያት ካሉ በዕለቱ የተወቀጠውን ዝንጅብል ያሽትቱ፤ ክርክሩ ከዚያ በኋላ ቢቀጥል ይሻላል።

ፎሶሊያ በካሮት

ለ5 ወይም ለ6 ሰው ግማሽ ኪሎ ፎሶሊያ፣ 3 መካከለኛ ካሮት፣ 2 ራስ ቀይ ሽንኩርት፣ 3 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል ዝንጅብል፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይትና ጨው ይበቃል። ፎሶሊያው ታጥቦ በሰፌድ ላይ ይዘረገፍና ልጆቹ ዙሪያውን ይቀመጡ። ሥራቸው የእያንዳንዱን ጫፍና ጫፍ በጥፍር መቀንጠስ፣ በጎኑ ክር ካለው ስቦ ማውጣት፣ ከዚያም ሁለት ወይም ሦስት ቦታ መስበር ስለሆነ ቢላዋ ፈጽሞ አያስፈልግም። ትኩስ ፎሶሊያ ቀጭ ብሎ ይሰበራል፣ የተሰበረበትም ቦታ እርጥበት ያወጣል፤ የጠወለገው ግን ይታጠፋል እንጂ አይሰበርም። ልጁ ይህን ልዩነት በጣቱ ካወቀና የሚታጠፈውን ለብቻው እንዲለይ ከተነገረው፣ በሚቀጥለው የገበያ ቀን መራጩ እሱ ይሆናል።

ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን ሌላው ልጅ በሙቀጫ ይውቀጥ። ቁንጥር ጨው አብሮ ቢገባ ፍሬው ከዘነዘናው ሥር እየተንሸራተተ አይፈናጠርም። አዋቂው ቀይ ሽንኩርቱን አድቅቆ ከትፎ፣ መልኩ ሳይለወጥ እስኪለሰልስ በዘይት ያቁላላና የተወቀጠውን ይጨምራል። በቀጭን በቀጭኑ ተሰንጥቆ የተከተፈው ካሮት ቀድሞ ገብቶ ለ5 ደቂቃ ያህል ከተቁላላ በኋላ፣ ፎሶሊያውና ግማሽ ብርጭቆ ውኃ ተጨምሮ፣ ድስቱ ተከድኖ በመጠነኛ እሳት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበስላል። ለጤና ተብሎ ዘይቱን ጨርሶ ማስቀረት አይገባም፤ በካሮት ውስጥ ያለውና ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ብርቱካናማ ንጥረ ነገር በደንብ የሚዋጠው ከስብ ጋር ሲበላ ነውና። ቃሪያ የሚወዱ አዋቂዎች ካሉ፣ መጨረሻ ላይ ሳይከተፍ ከላይ ጣል ቢደረግ ለእነሱ ብቻ ለይቶ ማውጣት ይቻላል። የጨውን ልክ ግን ልጁ ይወስን፤ በማንኪያ ወጥቶ የቀዘቀዘ ቀምሶ «ይጨመር» ወይም «ይብቃ» ይበል።

ቀይ ሥር በድንች

ለልጅ ከዚህ የበለጠ አስደሳች የአትክልት ሥራ ያለ አይመስለኝም፤ ለነጭ ልብስ ግን ከዚህ የከፋ የለም። 3 መካከለኛ ቀይ ሥርና 4 ድንች ይዘጋጅ። ልጁ በሳፋ ውስጥ አፈሩን በደንብ አሽቶ ይጠብ። ቅጠሉ ሲቆረጥ ሁለት ጣት ያህል አገዳ ይተውለት፣ ቅርፊቱም አይነካ፤ ቀይ ሥር ከተላጠ ወይም ከተቆረጠ በኋላ ሲቀቀል ቀለሙን ለውኃው ይሰጣል። አረንጓዴ የሆነ ወይም ያቆጠቆጠ ድንች ካለ አይበላምና ልጁ ለይቶ እንዲያወጣው ምክንያቱ ይነገረው፤ መርዛማ ንጥረ ነገር አለው።

ሁለቱም በየድስታቸው ይቀቀሉ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ በዚህም ምክንያት ከሞቃት ቆላ በተገኘ የምግብ አሠራር ላይ የተጻፈው ደቂቃ በደሴ አይሠራም። ቀይ ሥሩ አንድ ሰዓት፣ ትልቅ ከሆነ ከዚያም በላይ ይፈልጋል፤ በመቶዎች በሚቆጠሩ ሜትሮች ዝቅ ባለችው ኮምቦልቻ ትንሽ ቀደም ይላል። ከደቂቃው ይልቅ ሹካው ይታመን፤ ሳይታገል ከገባ በስሏል።

ከቀዘቀዘ በኋላ ያለው ሁሉ የልጆች ነው። የበሰለ ቀይ ሥር በሁለት አውራ ጣት ገፋ ሲደረግ ቅርፊቱ ይንሸራተታል፣ ውስጡም እያብለጨለጨ ይወጣል። ድንቹም ለስላሳ ስለሆነ ስለት በሌለው የገበታ ቢላዋ ይከተፋል። ከዚያ ድንቹ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ብቻ ከቀይ ሥሩ ጋር ይለወስ፣ ግማሹ ነጭ ሆኖ ይቆይና ልጁ መቼና ምን ያህል እንደሚደባለቅ ይምረጥ፤ ሐምራዊው ቀለም ነጩን ድንች ቀስ በቀስ ሲይዘው ማየት ነው ጨዋታው። የአንድ ሎሚ ጭማቂ ወይም ትንሽ አቼቶ፣ በጣም የደቀቀ ሽንኩርት፣ 2 ማንኪያ ዘይትና ጨው ገብቶበት ይቀርባል። ጣት የነካውን ቀለም ሎሚና ጨው ያለሰልሱታል። በማግሥቱ የልጁ ሽንት ወይም ሰገራ ቀላ ቢል የቀይ ሥሩ ቀለም ሊሆን ስለሚችል ወላጅ አይደንግጥ፤ ቀይ ሥር ሳይበላ ከታየ ወይም ከቀጠለ ግን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል።

የቲማቲም ፍትፍት

ይህ እሳት የማይነካው ምግብ ስለሆነ ጥንቃቄው ሁሉ ማጠቡ ላይ ነው። በመስኖ የለማ አትክልት፣ የቆቦም ይሁን የሌላ ቦታ፣ ንጹሕ ያልሆነ ውኃ ጠጥቶ ሊሆን ስለሚችል በንጹሕ ውኃ ደጋግሞ መታጠብ አለበት። አቼቶ ያለበት ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ ቢረዳም ሁሉንም ተሕዋስያን አይገድልም። ለትንንሽ ልጆች የሚሻለው፣ አዋቂ በ4 የበሰሉ ቲማቲሞች ላይ የፈላ ውኃ አፍስሶ አንድ ደቂቃ ያህል ካቆየና ካቀዘቀዘ በኋላ ልጁ ልጣጩን እንዲገፍ ማድረግ ነው። የተላጠውን ቲማቲም ልጁ በታጠበ እጁ በጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ይጨፍልቅ፤ ጨው፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ፣ 2 ማንኪያ ዘይትና ጥቂት የደቀቀ ሽንኩርት ይጨመርበት። ሁለት እንጀራ በእጅ ተቆርሶ ይግባና ወዲያው ይበላ፤ ቢቆይ ይላቁጣል። የጤፍ ከሌለ የማሽላ እንጀራም ይሆናል፣ ብቻ የዕለቱ ቢሆን ይመረጣል።

ቃሪያ የሚጨምር ሰው ልጆቹ ፍሬውን እንዲያወጡ አያድርግ። የሚያቃጥለው ነገር በብዛት ያለው ፍሬው በተያያዘበት ነጭ ሥር ላይ ሲሆን፣ በውኃ ብቻ ስለማይለቅ ዓይኑን ያሸ ልጅ ለረጅም ጊዜ ያለቅሳል። እጅ በመጀመሪያ በዘይት ታሽቶ ከዚያ በሳሙና ቢታጠብ ይለቃል።

ዱባ

ዱባውን መፍለጥ የአዋቂ ጉልበት ይጠይቃል፤ ውስጡን በማንኪያ መጥረግ ግን የልጆች ነው። ሥጋው ተቆራርጦ በትንሽ ውኃ ከበሰለ በኋላ ልጁ በማማሰያ ያድቅቀውና በሽንኩርት፣ በእርድና በዘይት ከተሠራ ቁሌት ጋር ይዋሐድ፤ አልጫው ጣፋጭ ስለሚሆን በርበሬ ለማይደፍር ልጅ ተስማሚ ነው። ፍሬው ከተጣበቀበት ክር በውኃ ውስጥ ተለይቶ፣ በትሪ ላይ ተሰጥቶ ፀሐይ ላይ ይድረቅ፤ ሲደርቅ በምጣድ ላይ ጨው ተነስንሶበት ይቆላል። መንጣጣት ሲጀምር ቶሎ ማማሰል ያስፈልጋል፤ ሲወጣም ለማቀዝቀዝ ይዘርጋ። ከ4 ዓመት በታች ላሉት ልጆች ግን ሊያንቃቸው ስለሚችል ፍሬው ሙሉውን አይሰጥ።