ዋናውን ጎዳና ለእግረኛም ለገበያም የሚመች አድርጎ ማስተካከል

ሾፌር ፍጥነቱን የሚወስነው ሰሌዳ አይቶ ሳይሆን መንገዱን አይቶ ነው። ሰፊና ቀጥ ባለ አስፋልት ላይ «30» የሚል ምልክት መትከል ብቻውን ማንንም አያዘገይም። ልዩነቱ ግን የሕይወት ጉዳይ ነው፦ በደረቅ አስፋልት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ሾፌሩ አደጋውን ካየበት ጀምሮ በ13 ሜትር ገደማ ይቆማል፤ በ50 የሚሄደው 28 ሜትር ያህል ይፈልጋል።

መጀመሪያ ለኩ። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ያለውን ስፋት በየ50 ሜትሩ መዝግቡ። አንድ ቦታ ብቻ ተለክቶ የወጣ ንድፍ፣ ደረጃ ወይም በረንዳ ወደ መንገዱ የገባበት ቦታ ሲደርስ ይበላሻል። ለፍጥነቱ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። 50 ሜትር በኖራ አስምሩና መኪናው መስመሮቹን ለማለፍ የፈጀበትን ሰከንድ ያዙ፦ 6 ሰከንድ ከሆነ በሰዓት 30፣ 3.6 ከሆነ 50 ኪሎ ሜትር ነው። መቶ መኪና መዝግባችሁ ከዝግተኛው ወደ ፈጣኑ ደርድሩ፤ 85ኛው ላይ ያለው ፍጥነት የመንገዱን ጠባይ ይነግራችኋል። ሰው በብዛት የሚሻገርበትንም ቦታ ምልክት አድርጉ። ዜብራ የሚቀባው እዚያ ነው፤ እግረኛ መቶ ሜትር ዞሮ አይሻገርም።

ከዚያ ስፋቱን አከፋፍሉ። አስፋልቱ 14 ሜትር ሆኖ ባለ 3.5 ሜትር አራት መስመር ነው እንበል። በየአቅጣጫው አንድ የ3.1 ሜትር መስመር መድቡ (አውቶቡስና ከባድ መኪና ከበዛ 3.3)፣ በሁለቱም ዳር 2.2 ሜትር ለማቆሚያ ስጡ፤ የተረፈው 3.4 ሜትር ለሁለት ተከፍሎ የእግረኛ መንገዱን ያሰፋል። መጨናነቁ ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው መስቀለኛው ላይ ስለሆነ፣ እዚያ ማቆሚያውን አንስታችሁ ለሚታጠፍ መኪና ቦታ ስጡ።

ማቋረጫው ላይ ግን አትቸኩሉ። እዚያ የማቆሚያውን ቦታ ዘግታችሁ የእግረኛ መንገዱን እስከ መኪና መስመሩ ግፉት። ቀድሞ 14 ሜትር የነበረው መሻገሪያ 6.2 ይሆናል፤ በሰከንድ አንድ ሜትር ለሚራመድ ሽማግሌ 14 ሰከንድ የነበረው ወደ 6 ይወርዳል ማለት ነው። ከቆመ መኪና ጀርባ ድንገት የሚወጣ ልጅም አይኖርም፤ እግረኛው ከመርገጡ በፊት ይታያል። ከዜብራው በፊት ቢያንስ 5 ሜትር ምንም መኪና እንዳይቆም በቀለም ብቻ ሳይሆን በአጭር ምሰሶ ከልክሉ፤ ቀለሙን የሚያከብረው ጥቂት ነው።

ማቋረጫውን 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካደረጋችሁት የበለጠ ይሠራል፤ ላዩ 4 ሜትር ጠፍጣፋ፣ መውጫና መውረጃው ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ይሁን። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት በጎርፉ ነው። ከፍ ያለው አስፋልት በጠርዝ ድንጋዩ ሥር የሚወርደውን ውኃ ይገድበውና ሰው ቆሞ የሚጠብቅበት ቦታ ኩሬ ይሆናል። ከማቋረጫው በላይ፣ ውኃው በሚመጣበት በኩል፣ የጎርፍ መቀበያ ጉድጓድ ክፈቱ። የክዳኑ ፍርግርግ ክፍተት ከ1.3 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፤ የዊልቸር ጎማና የዓይነ ስውር ዘንግ የሚሰነቀረው እዚያ ነው።

ለባለሱቆች የጭነት ማራገፊያ ቦታ በንድፉ ካልተሰጣቸው የጭነት መኪናው ዜብራው ላይ ይቆማል። በየ100 ሜትሩ ገደማ አንድ 12 ሜትር ርዝመት ያለው ማራገፊያ ከሰዓቱ ጋር መድቡ። ዛፍና አግዳሚ ወንበር በማቆሚያዎቹ መካከል ወይም በጠርዙ በኩል ይሁኑ፤ በሱቆቹ ፊት 2 ሜትር ምንም የማያደናቅፍበት መተላለፊያ ይኑር።

ድንጋይ ከመነጠፉ በፊት ንድፉን በቀለም፣ በኮንና በከባድ የአበባ ማሰሮ ለሦስት ወር ሞክሩት። አውቶቡሱ ሲታጠፍ ማሰሮውን ከገጨ ማዕዘኑን በአንድ ቀን ማረም ይቻላል፤ ኮንክሪት ከፈሰሰ በኋላ ግን ወጪው ሌላ ነው። የውኃ ቧንቧና የኤሌክትሪክ መስመር የሚቀይሩት ክፍሎችም ሥራቸውን ከንጣፉ በፊት ይጨርሱ።

ሙከራው ሲያልቅ እነዚያኑ 50 ሜትር በኖራ አስምራችሁ እንደገና ለኩ። 85ኛው መኪና አሁንም ከ30 በላይ ከሄደ በሁለት ማቋረጫዎች መካከል ያለውን ርቀት ተመልከቱ፤ ከ100 ሜትር በላይ ከሆነ መሃሉ ላይ አንድ ጨምሩ።