ከቀለም በኋላ የሚያብድ አሮጌ ሃይሉክስ፦ ችግርና መፍትሄ

አሮጌ ፒካፕ የሚያድስ ሰው የሚፈራው ሞተሩንና ዝገቱን ነው። ኤሌክትሪኩ ትዝ የሚለው ሁሉም ተገጣጥሞ ካለቀ በኋላ ነው። ፒካፑ ቅዳሜ ከቀለም ቤት ይወጣል፣ እሁድ ካሶኒው (የኋላው የጭነት ሣጥን) ይጫናል፣ ጎረቤት ቆሞ እያየ ቁልፉ ይዞራል። "ቀጭ።" ሌላ ምንም የለም። ከመፈታቱ በፊት ግን ደህና አድርጎ ይነሳ ነበር።

የምጽፈው በፈረንጆቹ ከ1978 እስከ 1983 ስለተሠራው ሦስተኛው ትውልድ ሃይሉክስ ነው። 12አር ወይም 18አር የሚባሉት የቤንዚን ሞተሮች፣ ወይም ኤል የሚባለው 2.2 ሊትር ናፍጣ ያለበት ማለቴ ነው። አብዛኛው ነገር ከዚያ በፊት ለነበሩትም ይሠራል። ባትሪው መሙላቱን፣ ፊውዝ አለመቃጠሉን፣ ቺንጋ አለመላላቱን አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው። ያላየ መጀመሪያ ሄዶ ይይ።

ምልክት፦ ሞተሪኖው አይዞርም፣ መብራቱ ይደበዝዛል፣ ጌጁ ያብዳል

የዚህ ችግር መልኩ ብዙ ነው። አንዱ ጋ ሞተሪኖው፣ ማለትም ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ትንሹ የኤሌክትሪክ ሞተር፣ "ቀጭ" ብሎ ይቀራል። ሌላው ጋ ይዞራል፣ ግን እያቃሰተ። የፊት መብራቱ እንደ ኩራዝ ይሆናል። ፍሬቻ ሲበራ ሌሎቹ የኋላ መብራቶች አብረው ብልጭ ድርግም ይላሉ። ፍሬን ሲረገጥ ያልበራው ፓርኪንግ መብራት ፈዘዝ ብሎ ይበራል። ትልቁ መብራት ሲበራ ደግሞ የነዳጁና የሙቀቱ መርፌ አብረው ከፍ ይላሉ። ባለቤቱም ሞተሩ ፈላ ብሎ ደንግጦ ዳር ይይዛል። ናፍጣው ላይ ሲሊንደሩን የሚያሞቀው ካንዴሌታ በደንብ ስለማይግል ጠዋት ጠዋት አልነሳ ይላል።

ከእነዚህ ሁለት ሦስቱን ካያችሁና መኪናው በቅርቡ ከተቀባ፣ ሞተሪኖ ለመግዛት ሶማሌ ተራ አትሩጡ። ማሳ ነው፤ ኮረንቲው ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበት የብረትና የገመድ መንገድ ማለቴ ነው።

ምክንያት

ኮረንቲ ከባትሪው ፖዘቲቭ ወጥቶ ሥራውን ከሠራ በኋላ በብረቱ በኩል ወደ ኔጌቲቩ መመለስ አለበት። ፒካፕ ግን አንድ ብረት አይደለም። ሞተሩ ጎሚኒ ላይ ነው የተቀመጠው። ጋቢናውም ሻንሲው ላይ በጎሚኒ ነው። ካሶኒው ለብቻው በቡሎን ታስሯል። እነዚህን የሚያገናኛቸው ጥቂት አጫጭር ገመዶችና ብረት ለብረት የተነካኩ ቦታዎች ብቻ ናቸው። ቀለም ቀቢው ደግሞ ሥራው መሸፈን ነው። ሻንሲውን በጥቁር፣ ጋቢናውን ከውስጥም ከውጭም፣ የቡሎን ቀዳዳ ሳይቀር ይሸፍናል። ቀለም ኮረንቲ አያሳልፍም። ያ የዛገ ቡሎን ለዓመታት ብረቱን ነክሶ ይዞ ነበር። አሁን በሁለት ድርብ ቀለም ላይ ተቀምጧል።

ትንሽ ሒሳብ። ሞተሪኖ ሲዞር 150 አምፒር ገደማ ይስባል፤ የናፍጣው ከዚያም በላይ። በ150 አምፒር ጊዜ የአንድ ኦም መቶኛ የምታህል መሰናክል 1.5 ቮልት ትበላለች። እንዲህ ያለ ቦታ ሁለት ካለ 3 ቮልት መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። ከ12.6 ቮልት ላይ ይህን ቀንሱ፤ ባትሪው ራሱ ሸክም ሲያገኝ የሚወርደውንም ጨምሩበት። ሞተሪኖው ምን ያድርግ?

ለዚህ ነው "ቲጥ" የሚለው ቴስተር የሚያታልለው። ብዙ ኤሌክትሪሺያን ገመዱን በሁለት ጫፍ ይነካና "ቲጥ አለ እኮ፣ ደህና ነው" ብሎ ያልፈዋል። ገመዱ ውስጥ አንዲት ክር ብቻ ብትቀርም ቲጥ ይላል። ቲጥታ የሚነግራችሁ መንገድ መኖሩን ነው፤ መንገዱ ስንት እንደሚያሳልፍ አይነግራችሁም። ማሳ በቲጥታ አይለካም።

አንድ ሰውዬ ሞተሪኖ ለወጡ። አልሆነም። "ጋሼ፣ ይሄኛውም አሮጌ ነው የሸጡልዎ" ተባሉና ሌላ ገዙ። አዲስ ባትሪም ተጨመረ። መኪናው ወደ እኔ ሲመጣ የሞተሩ ማሳ ገመድ ከነቡሎኑ አሮጌ ዳዶ የተጠራቀመበት ባልዲ ውስጥ ነበር። ሞተሩ ሲወጣ ፈቱት፣ ሲገባ ረሱት። የመጀመሪያው ሞተሪኖ ምንም አልነበረበትም።

ከዚህ የባሰም አለ። የሞተሩ ማሳ ሲጠፋ ኮረንቲው ተስፋ ቆርጦ አይቀመጥም፤ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ከሞተር ወደ ጋቢና የሚሄድ ብረት ያለው ሌላ ነገር ምንድን ነው? የቾክ ገመድ። የነዳጅ ፔዳሉ ገመድ። አንድ ሃይሉክስ ላይ ቁልፍ በዞረ ቁጥር ዳሽቦርዱ ሥር ጭስ ይሸት ነበር። ሬዲዮው ነው ተብሎ ሬዲዮው ወጣ። ገመዶቹን ስፈታቸው የቾኩ ፕላስቲክ ሽፋን ቀልጦ ሽቦው ላይ ተጣብቋል። የፔዳሉም ገመድ መያዝ ጀምሯል። ይህ ቀልድ አይደለም፦ ነዳጅ ተሰጥቶ የማይመለስ ፔዳል ቁልቁለት ላይ ሰው ይገድላል። ቁልፍ ሲዞር የቾክ ገመዱ ከሞቀ መኪናውን አታንቀሳቅሱ። ማሳው ከተስተካከለ በኋላም የሞቁትን ገመዶች ለውጡ፤ "ዘይት አድርጌበታለሁ" አይበቃም።

እንዴት ይታወቃል?

ፈጣኑ መንገድ፦ ባትሪ ማስነሻ ገመድ ውሰዱ። አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ላይ ያልተቀባ ብረት ላይ ያዙ። ቁልፍ አዙሩ። ሞተሪኖው ነቅቶ ከዞረ ምርመራው አለቀ።

ትክክለኛው መንገድ በቴስተር ነው። 20 ቮልት ዲሲ ላይ አድርጉት። ጥቁሩን የባትሪው ኔጌቲቭ ምሰሶ ላይ ያዙ። ምሰሶው ራሱ ላይ ነው ያልኩት፣ የገመዱ መያዣ ላይ አይደለም። ቀዩን ሞተሩ ላይ። ሞተሩ እንዳይነሳ የቦቢናውን (ለካንዴላው ኮረንቲ የሚሰጠውን) ቀጭን የፖዘቲቭ ገመድ ንቀሉ፤ ናፍጣ ከሆነና የነዳጅ መዝጊያ ሶሌኖይድ ካለው የእሱን ገመድ ንቀሉ። ማርሹ ባዶ ላይ መሆኑን እዩ። ከዚያ ሌላ ሰው ቁልፉን ያዙር። ቴስተሩ ከ0.3 ቮልት በላይ ካሳየ የሞተሩ ማሳ ችግር አለበት። 1 ቮልት ካሳየ ገመድ አለ ማለት ራሱ ይከብዳል።

ቀጥሎ ሁሉንም መብራት አብሩ። ጥቁሩ እዚያው ይቆይ። ቀዩን በተራ ውሰዱት፦ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለው ላሜራ፣ ሻንሲው፣ ካሶኒው፣ የኋላ መብራቱ ቤት። እዚህ ከ0.1 እስከ 0.2 ቮልት ድረስ ይሁን። ሻንሲው ላይ 0.05 ሆኖ ካሶኒው ላይ በአንዴ 2 ቮልት ካለ፣ ጥፋቱ በሁለቱ መሃል ነው። ሌላ ቦታ አትቆፍሩ።

መፍትሄ

ቡሎኑን ፍቱ። ገመዱ የሚያርፍበትን ቦታ ከአንድ ብር ሳንቲም ትንሽ ሰፋ አድርጋችሁ በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፋቁት። የገመዱን ቀለበት ሁለቱንም ፊት ፋቁ። ጥርስ ያላት ሮንዴላ አስገቡበት፣ አጥብቁ፣ ከዚያ በላዩ ቫዝሊን ወይም ግራሶ ቀቡ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ ግራሶ ለቅልቆ በላዩ የሚያስር አለ፤ ምን እንደሚያስብ አይገባኝም። "አዲስ ቀለሜን አልፍቅም" የሚሉም አሉ። እንግዲያው መኪናችሁን ግፉት።

አምስት ቦታ ማሳ እንዲኖር እፈልጋለሁ፦ ከባትሪ ወደ ሞተር ወይም ካምቢዮ፣ ከሞተር ወደ ጋቢና፣ ከባትሪ ወደ ሻንሲ፣ ከሻንሲ ወደ ጋቢና፣ ከሻንሲ ወደ ካሶኒ። የመጨረሻው ከፋብሪካ ለብቻው ላይኖር ይችላል። ጨምሩለት። ከባትሪ ወደ ሞተር የሚሄደው ለቤንዚኑ ከ35 ካሬ ሚሊሜትር፣ ለናፍጣው ከ50 አይነስ። ለሌሎቹ 10 ወይም 16 ይበቃል።

ገመድ ስትገዙ ግን ዓይናችሁን ግለጡ። ወፍራም፣ የሚያምር ቀይና ጥቁር ሆኖ ውስጡ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም የሆነ ገመድ ገበያውን ሞልቶታል። አንዷን ክር በምላጭ ፋቅ አድርጉ። ነጭ ከወጣ ለሻጩ መልሱለት። ያ ገመድ ውፍረቱ ከላስቲኩ ነው፣ ቶሎ ይበላል፣ ስታጠብቁትም ይላላል። ጫፉን በመዶሻ ጨፍልቆ የሚሸጥም አለ። ጫፍ በመጭመቂያ ነው የሚያዘው። በናስትሮ የተጠመጠመ መጋጠሚያ ሞተሪኖ መስመር ላይ አታምጡብኝ።

ማስጠንቀቂያ፦ ስትፈቱ ኔጌቲቩን መጀመሪያ፣ ስታስሩ ኔጌቲቩን መጨረሻ። ብየዳ ሲኖር የባትሪውም የዲናሞውም ገመድ ይነቀል፤ አለዚያ የዲናሞው ዳዮድ ይሄዳል። የብየዳው ማሳ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይያዝ። የፊት ፓራውልት ላይ ይዞ ካሶኒ የሚበይድ ሰው የክሮቼራ (የካርዳን መገጣጠሚያ) እና የኩሽኔታ ጠላት ነው፤ ኮረንቲው በእነሱ በኩል ያልፋልና።

ሁሉም ማሳ ተስተካክሎ ሁለቱ መርፌዎች አሁንም አብረው ከፍ ካሉ፣ ጌጁ ቤት ውስጥ ያለችው ትንሽ ቮልቴጅ ማስተካከያ ናት። አንዱ ብቻ ከሆነ የዚያኛው ሴንሰር ወይም የሴንሰሩ ማሳ። የነዳጁ ሴንሰር ማሳ ታንኩ ጋ ነው፤ ታንኩም ተቀብቷል አይደል?

ምልክት፦ ፓውዛ ወይም ኤልኢዲ ከተጨመረ በኋላ ነገሩ ተበላሸ

ማስዋብ የሚወድ ሰው ጋ ይህ አይቀርም። የዚያ ዘመን ብዙ ቶዮታዎች ላይ የፊት መብራቱ ማብሪያ የሚቆርጠው ፖዘቲቩን ሳይሆን ማሳውን ነው። አምፖሉ ጋ ፖዘቲቭ ቀድሞ ይቆማል፤ ማብሪያው ማሳውን ሲሰጠው ይበራል። ይህን የማያውቅ ሰው ፓውዛውን (ተጨማሪውን የፊት መብራት) እንደለመደው ከረጅሙ መብራት ገመድ ይቀጥልና ወይ አይጠፋለትም ወይ አይበራለትም። ከዚያ ማብሪያው ተበላሽቷል ብሎ ይለውጠዋል። በቴስተር ለኩ፣ ከዚያ ሪሌ (በትንሽ ኮረንቲ ትልቁን የሚያበራ ማብሪያ) አስገቡ፣ ለሪሌው ከባትሪ የመጣ የራሱ መስመርና የራሱ ፊውዝ ስጡት። ፊውዙ ባትሪው አጠገብ ይሁን።

ፍሬቻው ኤልኢዲ ከሆነ በኋላ በፍጥነት የሚያርገበግበው፣ አሮጌው ፍላሸር የ21 ዋት አምፖል ስለሚጠብቅ ነው። ለኤልኢዲ የተሠራ ፍላሸር ግዙ። 100 ዋት አምፖል በ60/55 ቦታ የምታስገቡ ደግሞ ሶኬቱ ሲቀልጥ አትደንግጡ።

ምልክት፦ ጥቂት ሄዶ ይሞታል፣ ቆሞ ሲያርፍ ይነሳል

የታንኩ ዝገት ፊልትሮውን እየደፈነ ነው። ታንኩን አውርዳችሁ አሳጥቡ። በግልጽ ፕላስቲክ ፊልትሮ ተኩት፣ ቡናማው ሲጠራቀም ታያላችሁ። ታንኩ ከተቀደደ ግን ባዶ ነው፣ ታጥቧል ተብሎ ለበያጅ አይሰጥም። የቤንዚን ጋዙ ውስጡ ይቀራል፣ ይፈነዳል። ሌላ ታንክ ፈልጉ።

ምልክት፦ አዲሱ ቀለም ላይ እብጠት ወጣ

ዝገት ላይ ስቱኮ ተለጥፎበታል። ፈቅፍቁት፣ የበላውን ላሜራ ቆርጣችሁ በላሜራ ተኩ። ባትላሜራው "በስቱኮ እናስተካክለዋለን" ካለ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ።

አልፎ አልፎ የሚመጡ

ካርዳኑ ተፈትቶ ከተገጠመ በኋላ የሚያንቀጠቅጥ ከሆነ፣ የሁለቱ ጫፍ ክሮቼራ በአንድ መስመር አልገጠመም፤ ፈትታችሁ መስመሩን አስተካክሉ።

ባሌስትራ ተጨምሮ ከኋላ ከፍ ካለ በኋላ የኋላው ፍሬን ከሰነፈ፣ በጭነት የሚሠራው የፍሬን ቫልቭ መኪናው ሁሌ ባዶ ይመስለዋል፤ ዘንጉን ከአዲሱ ከፍታ ጋር አስተካክሉ።

ሬዲዮው ሞተሩ ሲፈጥን አብሮ የሚያፏጭ ከሆነ፣ የሬዲዮውን ማሳ ከዳሽቦርዱ ብሎን አንስታችሁ ቀጥታ የተፋቀ ላሜራ ላይ እሰሩት።